በርሊን ለትምህርት ስትመጡ፦ ከቤት ፍለጋ እስከ መኖሪያ ፈቃድ በቅደም ተከተል

በርሊን ውስጥ ወረቀቶች ተራ አላቸው። የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቁ የአድራሻ ምዝገባ ማስረጃ አምጡ ትባላላችሁ። አድራሻ ለማስመዝገብ አከራያችሁ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር ቁጥራችሁ በፖስታ የሚላከው በተመዘገበው አድራሻ ነው። ብዙ ባንኮችም ይህንኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ። አንዱ ከዘገየ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይዘገያል።

አዲስ ተማሪን የሚያደክመው ይሄ ሩጫ ነው። ትምህርቱ ገና ሳይከብድ ሰው በወረቀት ይዝላል። ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ ያወቀ ግን ብዙ ምልልስ ይቀርለታል። ከዚህ በታች ያለውን በዚያው ተራ አስቀምጫለሁ። የገንዘብ መጠኖች ስለሚለዋወጡ በተቻለ መጠን ከዓመታቸው ጋር ጽፌአቸዋለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ገንዘብ። አብዛኛው ተማሪ ለቪዛ ብሎክድ አካውንት የሚባል የተቆለፈ የባንክ ሂሳብ ይከፍታል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የተጠየቀው መጠን በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። ጀርመን ደርሳችሁ የባንክ ሂሳብ ከከፈታችሁ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ ይገባላችኋል።

ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪለቀቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። አከራዩ ደግሞ ኪራይና መያዣ የሚፈልገው ገና ቁልፉን ሳይሰጣችሁ ነው። ስለዚህ ከብሎክድ አካውንቱ ውጪ ቢያንስ የሁለት ወር ወጪና የቤት መያዣ የሚሆን ገንዘብ ይኑራችሁ። ይህንን ምክር እንደ ትርፍ ጥንቃቄ አትዩት። ቤት አግኝተው መያዣውን መክፈል ባለመቻላቸው ያጡ አሉ።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። የጤና ኢንሹራንስ ሳይኖር ዩኒቨርሲቲ አይመዘግብም። ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ ቴካ፣ አኦካ፣ ባርመር በመሳሰሉት የሕዝብ ኢንሹራንሶች በተማሪ ዋጋ መግባት ትችላላችሁ። ክፍያው በወር በ150 ዩሮ አካባቢ ነው። ኢንሹራንሱ መመዝገባችሁን ለዩኒቨርሲቲው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ያሳውቃል።

ርካሽ የግል ኢንሹራንስ የሚያቀርቡ ማስታወቂያዎች ብዙ ናቸው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። «ከሕዝቡ ኢንሹራንስ ነጻ አድርጉኝ» ብላችሁ ካመለከታችሁ፣ ውሳኔው ትምህርታችሁ እስኪያልቅ አይመለስም። ዛሬ በወር ጥቂት ዩሮ ለማትረፍ የተፈረመ ወረቀት ነገ ስትታመሙ ያስቸግራል። ዕድሜያችሁ ከ30 በታች ከሆነ የሕዝቡን ምረጡ። ከ30 በላይ ከሆናችሁ ግን የተማሪ ዋጋው በአብዛኛው ስለማይሠራላችሁ፣ ገና ከአገር ሳትወጡ ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ተነጋገሩ።

የሕዝቡ ኢንሹራንስ ሽፋን በብዛት የሚጀምረው ሴሚስተሩ ሲጀምር ነው። ቀደም ብላችሁ ከገባችሁ መሀል ላይ ያሉትን ቀናት የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይኑራችሁ።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕት፣ የቅበላ ደብዳቤ፣ የብሎክድ አካውንት ማረጋገጫ፣ የኢንሹራንስ ማስረጃ። ዋናዎቹን ከትርጉማቸው ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። የተጫነ ሻንጣ ሊዘገይ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ በኢሜይላችሁም አስቀምጡ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የጀርመን ፎርሞች ሁሉ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም ለይተው ይጠይቃሉ። የእኛ ስም በዚህ መልክ የተሠራ ስላልሆነ አንዱ ቢሮ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛል። ከዚያ ባንኩና ኢንሹራንሱ «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ይላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓስፖርቱ ላይ በየትኛው መስመር የትኛው ስም እንደተጻፈ ተመልከቱ። ሁልጊዜ፣ በሁሉም ቦታ፣ ፊደሉ እንኳን ሳይለወጥ እንደዚያው ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ቤት

በርሊን ውስጥ ቤት ማግኘት ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ።

ከሁሉ በፊት የሽቱዲረንደንቬርክ በርሊን ዶርም ላይ አመልክቱ። ይህ ተቋም የተማሪ መኖሪያዎችንና በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ሜንሳ የሚባሉ ካፌዎች ያስተዳድራል። ወረፋው ረጅም ነው። ረጅም መሆኑ ግን ላለማመልከት ምክንያት አይሆንም። የቅበላ ደብዳቤው እጃችሁ እንደገባ በዚያው ሳምንት አመልክቱ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሌላ ቦታ ብታሳልፉ እንኳን ለሁለተኛው ሊደርሳችሁ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የጋራ ቤት ነው። ጀርመኖች ቬጌ ይሉታል። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰው አንድ አፓርታማ ተከራይቶ ኩሽናና መታጠቢያ ይጋራል። የሚፈለገው በብዛት ቬጌ-ጌዙኽት በሚባለው ድረ-ገጽ ላይ ነው። አንድ ክፍል 600 ዩሮና ከዚያ በላይ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል። ይህን ከ992 ዩሮ ላይ ቀንሱት፣ ኢንሹራንሱንም ቀንሱት፤ የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ ሳትመጡ በፊት እወቁት።

መልእክት ስትልኩ አንድ የተገለበጠ ጽሑፍ ለሁሉም አትበትኑ። ማስታወቂያውን አንብቡና እነሱ ለጻፉት ነገር መልስ ስጡ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትማሩ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትፈልጉ፣ ኪራዩን ከምን እንደምትከፍሉ በአጭሩ ጻፉ። ጀርመንኛችሁ ጥቂት ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች በጀርመንኛ ሞክሩ። አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ነው የሚመርጣችሁ፤ ስለዚህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆናችሁ ማወቅ ይፈልጋል።

ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዓይነት ኪራይ ታያላችሁ። ካልትሚተ የቤቱ ብቻ ዋጋ ነው። ቫርምሚተ ደግሞ ማሞቂያና ሌሎች የሕንጻ ወጪዎች የተጨመሩበት ነው። ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከቫርምሚተም ውጪ ናቸው። «ሁሉም ተካቷል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መያዣው በሕግ ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም። በሦስት ወርሃዊ ክፍያ ከፋፍላችሁ የመክፈል መብትም አላችሁ። ይህንን የማያውቅ ተማሪ አከራዩ ያለውን ሁሉ ይከፍላል።

አሁን ዋናው። ማንኛውንም ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ «እዚህ አድራሻ ላይ መመዝገብ እችላለሁ?» የሚል ይሁን። ከዋጋውም፣ ከሰፈሩም፣ ከክፍሉ ስፋትም ይቀድማል። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ያ ክፍል ለጥቂት ሳምንት ማረፊያ እንጂ መኖሪያ ሊሆናችሁ አይችልም። ክሮይትስበርግ ወይም ኖይኬልን ውስጥ ያለ ምዝገባ ከሚገኝ ውብ ክፍል ይልቅ ማርዛን ወይም ሽፓንዳው ምዝገባ ያለው ጠባብ ክፍል ይሻላል። ባቡሩ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

አጭበርባሪዎችም አሉ፤ አካሄዳቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ቤቱ መሀል ከተማ ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ከሰፈሩ በጣም ያነሰ ነው። አከራዩ «አሁን ሌላ አገር ነኝ፣ ቤቱን ማሳየት አልችልም፣ መያዣውን ላኩና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ይላል። አንዳንዱ እምነት እንዲኖራችሁ የፓስፖርት ኮፒ ይልካል። ያም የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፦ እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ቤቱን በዓይኑ ሳያይ፣ ውል ሳይፈረም፣ ሳንቲም አትላኩ። የፓስፖርታችሁንም ኮፒ ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ከሩቅ ሆናችሁ ቋሚ ቤት ማግኘት ካቃታችሁ አትደንግጡ። ዝቪሸንሚተ የሚባል ጊዜያዊ ኪራይ አለ። ነዋሪው ለጥቂት ወር ሲሄድ ክፍሉን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ምዝገባ የሚፈቅድ የሦስት ወር ዝቪሸንሚተ ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው። ከተማው ውስጥ ሆኖ መፈለግ ይቀላል፣ ቤቱን ሄዳችሁ ማየት ስለምትችሉ።

ደረጃ 3፦ የመድረሻ ቀን

ቤኤር አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ሾነፌልድ ነው። የባቡር ጣቢያው ከተርሚናል 1 ስር ነው። የከተማው ትራንስፖርት አ፣ ቤ፣ ሴ በሚባሉ ሦስት ቀጠናዎች የተከፈለ ሲሆን ማረፊያው ሴ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሦስቱንም ቀጠና የሚሸፍን ትኬት ግዙ። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት።

በር የለም፣ የሚያግዳችሁም የለም። ግን የሲቪል ልብስ የለበሱ ተቆጣጣሪዎች ድንገት ይነሳሉ። ትክክለኛ ትኬት ያልያዘ 60 ዩሮ ይከፍላል። «አዲስ ነኝ፣ አላወቅኩም» ማለት አይረዳም።

ባቡር ጣቢያ ወይም ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ግዙ። በፓስፖርት ነው የሚከፈተው። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ዓመት የስልክ ውል አትፈርሙ።

ደረጃ 4፦ የአድራሻ ምዝገባ

አንሜልዱንግ ይባላል። ቤት ከገባችሁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው። የሚደረገው ቡርገርአምት በሚባሉ የነዋሪዎች ቢሮዎች ነው። በርሊን 12 ወረዳዎች አሏት። እናንተ ግን በሰፈራችሁ ብቻ አልተወሰናችሁም፤ የትኛውም ወረዳ ያለ ቢሮ ይመዘግባችኋል። ይህንን ማወቅ ቀጠሮ ስትፈልጉ በጣም ይጠቅማል።

ቀጠሮው በከተማው የአገልግሎት ድረ-ገጽ ላይ ይያዛል። ብዙ ጊዜ «ባዶ ቦታ የለም» ይላል። ሁሉንም ቢሮዎች ምረጡ። ጠዋት ማልዳችሁ ግቡ፣ ቀን ላይም ደጋግማችሁ ክፈቱ። ሰው ሲሰርዝ ቦታው ወዲያው ይታያል። በስልክ ደግሞ 115 የመንግሥት አገልግሎቶች መረጃ መስመር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያለ ቀጠሮ ካጣችሁ የተገኘውን ቅርብ ቀን ያዙና ማረጋገጫውን አስቀምጡ። ቀጠሮ መያዛችሁ ችላ እንዳላላችሁ ያሳያል።

ቀጠሮ ለመያዝ የቤት ውል እስኪፈረም አትጠብቁ። የምትገቡበትን ቀን እንዳወቃችሁ ያዙ።

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። ፓስፖርት ከነቪዛው፣ የተሞላ የምዝገባ ፎርም፣ እና ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ የሚባለው የአከራይ ማረጋገጫ። ሦስተኛውን የኪራይ ውል አይተካውም። አከራዩ ፎርሙን ሞልቶ የመፈረም የሕግ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ ይህ ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የምትከራዩት ከሌላ ተከራይ ከሆነ እሱ ሊፈርምላችሁ ይችላል፤ ዋናው አከራይ መፍቀዱን ግን አረጋግጡ። በርሊን ውስጥ ምዝገባው በነጻ ነው።

ፎርሙ ላይ ሃይማኖት የሚጠይቅ ቦታ አለ። ጀርመን ውስጥ የፕሮቴስታንት ወይም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ የተመዘገበ ሰው ሥራ ይዞ የገቢ ግብር ሲከፍል የቤተ ክርስቲያን ግብርም ይከፍላል። በርሊን ውስጥ ከገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። እውነቱን ጻፉ፤ ምን እንደሚያስከትል ግን አውቃችሁ ጻፉ።

ሰዓት አታምታቱ። ቀጠሮው 14፡00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። አሥር ደቂቃ ካረፈዳችሁ ተራችሁ ሊያልፍ ይችላል፤ አዲስ ቀጠሮ ማግኘት ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ሲጨርሱ አንድ ገጽ ማረጋገጫ ይሰጧችኋል። ያንን ወረቀት እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቁት። ኮፒ አድርጉት። ቤት በቀየራችሁ ቁጥር በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ትመዘገባላችሁ።

ደረጃ 5፦ ስማችሁ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጠፍ

ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ጀርመን የምትሠራው በፖስታ ነው። የኢንሹራንስ ካርድ፣ የባንክ ካርድና የይለፍ ቁጥር፣ የግብር ቁጥር፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ በፖስታ ይመጣል። የበርሊን አፓርታማዎች ደግሞ በአብዛኛው የቤት ቁጥር የላቸውም። ፖስተኛው የሚያየው ስም ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ ስማችሁ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል።

በገባችሁበት ቀን ስማችሁን ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይም ደወሉ ላይም ለጥፉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ተጠቀሙ። አከራዩ ካልፈቀደ አድራሻችሁ ላይ «በእከሌ በኩል» የሚለውን የሳጥኑን ባለቤት ስም ጨምሩ።

ከምዝገባው በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ባለ 11 አሃዝ የግብር መለያ ቁጥር ይመጣላችኋል። ለዕድሜ ልክ አንድ ነው። ሥራ ስትጀምሩ አሠሪው ይጠይቃችኋል።

ሌላም ደብዳቤ ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ አጭበርባሪ መስሎት ይጥለዋል። የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ነው፣ በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም ይከፈላል። ግን የሚከፈለው በቤት እንጂ በሰው አይደለም። ጋራ ቤት ውስጥ አንዱ እየከፈለ ከሆነ የእሱን የክፍያ ቁጥር ጠይቃችሁ መልሱላቸው፣ ድርሻችሁንም ለእሱ ስጡት። ዝም ካላችሁ ዕዳው ይከማቻል፣ ቅጣትም ይጨመርበታል። በአጠቃላይ የጀርመን ደብዳቤ ሳይከፈት አይደር። አብዛኛው ላይ የመጨረሻ ቀን ተጽፎበታል።

ደረጃ 6፦ ባንክ

ምዝገባው ካለቀ ባንክ ይቀላል። በስልክ ቪዲዮ ማንነት የሚያረጋግጡ ባንኮች የአንዳንድ አገሮችን ፓስፖርት አይቀበሉም። እንዲህ ካጋጠማችሁ እንደ በርሊነር ሽፓርካሰ ያለ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ በአካል ሂዱ። «አንከፍትልህም» ካሏችሁም መብት አላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ ሂሳብ የመክፈት መብት አለው። ባዚስኮንቶ እፈልጋለሁ በሏቸው።

ሂሳቡ እንደተከፈተ ቁጥሩን ለብሎክድ አካውንቱ ድርጅት በዚያው ቀን ላኩ። ከዚያ ኪራይና ኢንሹራንስ በራሱ እንዲከፈል አዘጋጁ። ጥሬ ገንዘብም ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሁንም አሉ።

ደረጃ 7፦ ዩኒቨርሲቲ እና ትኬት

ፍራየ፣ ሁምቦልትና ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲዎችን የመሰሉ የመንግሥት ተቋማት በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። የሴሚስተር መዋጮ ግን አለ። የክረምቱ ሴሚስተር ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31፣ የበጋው ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው። ትምህርቱ ራሱ የሚጀምረው በአብዛኛው በኦክቶበርና በኤፕሪል አጋማሽ ነው። የመመዝገቢያ የመጨረሻ ቀን ቅበላ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ካለፈ ቦታውን ልታጡ ትችላላችሁ።

በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መዋጮው ውስጥ የመላ ጀርመን የሴሚስተር ትኬት አለ። ዋጋው የመደበኛው ወርሃዊ የመላ አገሩ ትኬት ዋጋ 60 በመቶ ነው። የከተማውን ባቡር፣ አውቶቡስና ትራም፣ የክልል ባቡሮችንም ይሸፍናል። ፈጣኖቹን ረጅም ርቀት ባቡሮች አይሸፍንም። የግል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ መኖሩን ጠይቁ። ሴሚስተሩ ሳይጀምር ትኬቱ አይሠራም፤ በሴፕቴምበር የገባ ሰው ለዚያ ወር የራሱን ትኬት ይገዛል።

አቀባበል ሳምንቱ ላይ ቅሩ ቢሏችሁ እንኳን አትቅሩ። ኮርስ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ፈተና እንዴት እንደሚመዘገብ የሚነገረው እዚያ ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ክፍል መግባት ብቻውን ለፈተና አያበቃም፤ ፈተናውን ለብቻ በወቅቱ መመዝገብ አለባችሁ። ያልተመዘገበ አይፈተንም።

ደረጃ 8፦ የመኖሪያ ፈቃድ

የገባችሁበት ቪዛ ለጥቂት ወራት ወይም እስከ አንድ ዓመት የሚሠራ ነው። ከማለቁ በፊት በበርሊን የኢሚግሬሽን ቢሮ የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለባችሁ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል። «ከማለቁ በፊት» የሚለውን ደጋግማችሁ አንብቡት። በወቅቱ ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪሰጠው የነበረው መብቱ ይቀጥላል። አንድ ቀን ያሳለፈ ግን ትልቅ ችግር ውስጥ ይገባል።

እኔ የምመክረው ቪዛው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ማመልከት ነው። ለዚህ ፓስፖርት፣ የአድራሻ ምዝገባ፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የኢንሹራንስ ማስረጃ፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ የኪራይ ውል ያስፈልጋሉ። ከደረጃ 1 እስከ 7 ያለፋችሁበት ሁሉ እዚህ ይሰበሰባል። የላካችሁበትን ማረጋገጫ ፒዲኤፍ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ በወረቀትም አትሙት።

ቢሮው ይጠራችኋል፣ አሻራ ትሰጣላችሁ፣ ካርዱ ታትሞ እስኪደርስ ሳምንታት ይወስዳል። ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 100 ዩሮ ነው። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ቪዛው አልቆ ካርዱ ገና ካልመጣ ከጀርመን ውጪ ለመጓዝ ትኬት አትቁረጡ። መጀመሪያ በያዛችሁት ወረቀት ተመልሳችሁ መግባት እንደምትችሉ ከቢሮው በጽሑፍ ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ሥራ

ከማርች 2024 ጀምሮ የውጭ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። ግማሽ ቀን ማለት እስከ 4 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ የተማሪ ረዳትነት ከዚህ ቁጥር ውጪ ነው። በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት ካለፋችሁ ደግሞ የተማሪ ኢንሹራንስ ዋጋችሁ ይነካል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 13.90 ዩሮ ነው። ከዚያ በታች የሚከፍላችሁ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው።

«ተቀጣሪ አይደለህም፣ በራስህ ስም ደረሰኝ ቁረጥ» ከሚል ሥራ ራቁ። በግል መሥራት የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ውል በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈል ሥራም ራቁ። ቢያዝ የሚበላሸው የእናንተ ፈቃድ ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከተቻለ ጥቂት ሥሩ ወይም ጭራሽ አትሥሩ። ትምህርቱ ከተደናቀፈ ፈቃዱን ማራዘም ይከብዳል፤ ገንዘቡ ደግሞ በኋላም ይገኛል። የዩኒቨርሲቲ ረዳትነት ካገኛችሁ ግን ያዙት። በርሊን ለተማሪ ረዳቶች የራሷ የደመወዝ ስምምነት አላት፣ አስተማሪዎቹንም ትተዋወቃላችሁ።

ጎን ለጎን ማወቅ ያለባችሁ

እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሸምቱ። ቅዳሜ ካመለጣችሁ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ይከፈታሉ። የላስቲክ ጠርሙስ አትጣሉ፤ በአብዛኛው 25 ሳንቲም መያዣ ስላለበት ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ይመልስላችኋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ድምጽ መቀነስ አለበት፣ ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ይችላል።

ለእሳትና ለአምቡላንስ 112፣ ለፖሊስ 110 ደውሉ። ሕይወት የማያሰጋ ግን እስከ ነገ የማይጠብቅ ሕመም ከሆነ 116117 አለ። ሳትታመሙ በፊት በሰፈራችሁ አንድ ሐኪም ፈልጉና ተመዝገቡ። ታማችሁ መፈለግ ከባድ ነው።

ስለ ክረምቱ በቁም ነገር ልንገራችሁ። በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ሰማዩ ለሳምንታት ግራጫ ሆኖ ይቆያል። ብዙ ጠንካራ ሰው በዚህ ወቅት እንቅልፉ ይዛባል፣ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ ከሰው ይርቃል። ስንፍና አይደለም። ቀን ላይ ብርሃን ባለ ሰዓት ውጡ፣ ሳምንት ሳይዘልል የምታገኙት ሰው ይኑራችሁ። ከከበደ የሽቱዲረንደንቬርክ የሥነ ልቦና ምክር አለ፣ ለተማሪ ነጻ ነው፣ የምትናገሩትም ምስጢር ነው። እስኪብስ አትጠብቁ።

ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጀርመንኛ ጀምሩ። ዩኒቨርሲቲው ኮርስ ካልሰጣችሁ በየወረዳው ፎልክስሆኽሹለ የሚባል የሕዝብ ትምህርት ቤት በተመጣጣኝ ዋጋ ያስተምራል። ከትምህርት በኋላ በርሊን ውስጥ ሥራ ማግኘት ከፈለጋችሁ ይህ ከዲፕሎማው እኩል ይቆጠራል።

በየሴሚስተሩ

ሴሚስተሩ ሳያልቅ ለሚቀጥለው መመዝገብና መዋጮውን መክፈል አለባችሁ። የመጨረሻውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስገቡ። ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ ከዚያም ካለፈ ስማችሁ ከዩኒቨርሲቲው ይሰረዛል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ መሠረትም አብሮ ይነሳል። የፈቃዱን ማብቂያ ቀን፣ የፓስፖርቱን ማብቂያ ቀን፣ የብሎክድ አካውንቱን ቀሪ ገንዘብ በአንድ ቦታ ጽፋችሁ በየሦስት ወሩ እዩት። ፓስፖርት በኤምባሲ ማሳደስ ጊዜ ስለሚወስድ ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሩ። አንድ ቀን ጀርመንን ለቃችሁ ስትሄዱ ደግሞ አድራሻችሁን አሰርዙ፤ የስረዛውን ወረቀት ይዛችሁ ኢንሹራንስና ሌሎች ውሎችን መዝጋት ትችላላችሁ።